እበት የተቀባው ጥቁር መኪና

ይህን ወሬ መጀመሪያ የነገረችኝ በቀለች ናት፤ የሚልኬሳ ሚስት። አሸዋ ሜዳ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ነው የነገረችኝ። ሰልፉም ረዥም ነበር፣ ወሬውም ረዥም ነበር፣ እኩል አለቁ። ከእሷ ወዲህ ብዙ ሰው ሲያወራው ሰምቻለሁ። አንዱ መኪናው ነጭ ነበር ይላል፣ ሌላው ሚልኬሳ በዱላ ተደብድቦ ነበር ይላል። ውሸት ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሰማሁትን ግን እንደ ጤፍ ነፍቼ ነው የማስቀምጠው። ከቡራዩ እስከ መናገሻ እንደኔ ወሬ የሚይዝ ሰው ካለ ያምጡልኝና እንተያይ።

ሚልኬሳን ቡራዩ ውስጥ የማያውቀው የለም። በአምቦ መንገድ ዳር፣ ወደ ወንዙ ዘቅዘቅ የምትል ሜዳ ላይ መኪና ያጥባል። ሾፌሮቹ ላቫጆ ይሏታል እንጂ ቤት የላት፣ አጥር የላት። በርሜሎች፣ ባልዲዎች፣ ከወንዙ ውሃ የምትስብ አንዲት የምታስል ሞተር፣ አለቀ። ድሮ ገበሬ ነበር። ያርሰው የነበረው መሬት ዛሬ ያ ፎቅ የበዛበት ሰፈር ስር ተኝቷል። ካሳ ተብሎ የተሰጠው ብር እንደ ጉም በነነ። የዚያን ጊዜ ሚልኬሳ፣ "ማረስ ቢቀርብኝ ማጠብ አያቅተኝም" ብሎ ባልዲውን አነሳ።

ማጠቡን ያስተማረው ፈረስ ነው። ይሄን በቀለች አልነገረችኝም፣ በአይኔ ያየሁት ነው። ቡላ የሚባል ፈረስ ነበረው። የፈረስ ነገር ከተነሳ ደግሞ እኔን ነው መጠየቅ፤ በጉልምስናዬ ከሱሉልታ ተነስቼ ጫንጮ ገበያ ስደርስ፣ ከኋላዬ የመጡት ሰዎች አቧራዬን እየበሉ ነበር የሚደርሱት። አንድ ቀን እንዲያውም አንድ ቄስ ከነበቅሏቸው... ተወው፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው። ሚልኬሳ ቡላን ሲያጥብ ደረቅ ገላው ላይ እጁን አያሳርፍም ነበር። መጀመሪያ ውሃ ያፈስበታል። ከዚያ ቆሞ ይጠብቃል። ጭቃው ሲርስ፣ ከጀርባው ጀምሮ ወደ ታች፣ ጸጉሩ በተኛበት በኩል ይወርዳል። ፈረሱ ከሞተ በኋላ መኪና መጣ፤ እሱ ግን ልማዱን አልቀየረም።

"ጭቃን በጉልበት አይጠርጉትም" ይል ነበር። "ውሃ ስጠውና ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ይውረድ።"

ሁለት ባልዲ አጠገቡ ያስቀምጣል። በአንዱ የሳሙና ውሃ ነው፣ በሌላው ስፖንጁን ያለቀልቃል። የለቀለቀበት ባልዲ ታች አሸዋው ሲተኛ አይተህ፣ ያ አሸዋ መኪናው ላይ ቢመለስ ምን ሊያደርግ እንደነበር ታውቀዋለህ። ከጣሪያው ይጀምራል፣ ወደ ኮፈኑ፣ ወደ በሮቹ፣ መጨረሻ ወደ ታች። የጎማው ጨርቅ ሌላ ነው፤ ከገላው ጨርቅ ጋር ሰላምታም የላቸው። መሬት የነካ ጨርቅ ደግሞ ከሹመቱ ወርዶ ለጎማ ይሰጣል። የሚያደርቀው በበቀለች አሮጌ ጋቢ ነው፤ ስንት ዓመት ታጥቦ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ ጠርዙ ይሻክራል ብሎ ቆርጦ የጣለለት። ፀሐይ ላይ አያደርቅም፣ ሜዳው ላይ ካለው ግራር ጥላ ስር ይገፋዋል። ከዚያ ጋቢውን እርጥቡ ላይ ያለብሰውና በቀስታ ወደ ራሱ ይስበዋል። አይፈትግም፣ አያሽከረክርም። ሥራ ሲጀምርም የአንገቱን ማተብ ያዞረዋል፤ መስቀሉ ቀለሙን እንዳይነካ ጀርባው ላይ ይውላል።

የሚኒባስ ረዳቶች ይስቁበታል። "አባ ሚልኬ፣ መኪና ነው የሚያጥቡት ወይስ አራስ?"

"አራስ ብትሆን እናቷ ታግዘኝ ነበር" ይላቸዋል። "አርፈህ ቁም።"

ግን ይመጡለታል። ሰበታ ከተማ ውስጥ አለሙ የሚባል አንድ አጣቢ የወፍ ኩስ በድስት መፈተጊያ ሽቦ ፈትጎ አነሳ አሉ። ኩሱ ለቀቀ፣ ቀለሙም አብሮ ለቀቀ። ባለመኪናው ያን ቀን የተናገረውን እኔ እዚህ አልደግመውም፤ ሽማግሌ ነኝ። ሚልኬሳ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። "በእጄ የተጫረ መኪና የለም" ይላል፤ ሲል ደግሞ ደረቱን ይነፋል። ይንፋ። የቀረው ይሄ ነው፤ መሬቱማ ሄዷል።

አሁን ዳኜን ላምጣው። አቶ ዳኜ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ነው። ጎጃም ተወልዶ በልጅነቱ ቡራዩ መጥቶ፣ ሸራ ላይ ሚስማር ዘርግቶ የጀመረ ሰው ነው። የሚልኬሳ ልጅ እውነቱ ክርስትና ሲነሳ የክርስትና አባቱ ዳኜ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አበልጅ ናቸው። አበልጅ ማለት እንግዲህ ከወንድም የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም፤ ወንድምህን ሳትመርጠው ይወለድልሃል፣ አበልጅህን ግን መርጠህ ታቦት ፊት ነው የምታቆመው። ዳኜ ጠዋት ጠዋት ከላቫጆዋ አጠገብ ባለው የወንዙ ድልድይ ሲያልፍ፣ በጎጃም ምላሱ፣ "አካም ቡልቴ፣ አበልጄ!" ሳይል አያልፍም። እንዴት አደርክ ማለቱ ነው። ኦሮምኛው ከዚያ ብዙም አይሻገር፤ እሷን ግን አንድ ቀን አልዘለላትም።

ይህ ዳኜ ዕድሜውን በታክሲ ተጋፍቶ፣ በመጨረሻ ያለ የሌለ ጥሪቱን አራግፎ አንድ ጥቁር መኪና ገዛ። ጥቁር መኪና ምስጢር አይደብቅም። ነጭ ላይ የማይታይ ጭረት ጥቁር ላይ እንደ ጠባሳ ይታያል። ስለዚህ ከሚልኬሳ በቀር ማንም እንዲነካው አይፈቅድም። ሰውዬው ራሱ ግን አንድ ክፉ ልማድ ነበረው። አቧራ ባየ ቁጥር ከኪሱ መሐረብ ያወጣና ኮፈኑን ሙልጭ ያደርጋል።

"አበልጄ! እጅህን!" ይጮህበታል ሚልኬሳ።

"ኧረ አቧራ ነው የጠረግኩት!"

"አቧራ አይደለም፣ አሸዋ ነው። አሸዋ መሐረብ ስር ሲገባ ምላጭ ነው። ውሃ ሳይቀድም አትንካው።"

"እንዴ፣ የገዛ መኪናዬን?"

"ያንተ ከድልድዩ ማዶ ነው። እዚህ ቆሞ ሳለ የኔ ነው።"

እንዲህ እያሉ ሲሳሳቁ ሁለት ሺ ስምንት ታኅሣሥ መጣ። የማስተር ፕላኑ ነገር። እኔ ወረቀቱን አላየሁትም፤ ባየውም አላነበውም። መሬት ሲሄድ ግን አይቻለሁ፤ እሱን ለማየት ፊደል አያስፈልግም። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ቡራዩንም ሰበታንም ሱሉልታንም ልትውጥ ነው ተባለ፤ ልጆቹ መንገድ ላይ ወጡ። ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ጥይት ተተኮሰ፣ የሰው ልጅ ወደቀ። የሚልኬሳ ልጅ እውነቱ አምቦ ተማሪ ነው፤ እናትና አባት ስልኩን ታቅፈው ነበር የሚውሉት።

በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ዳኜ መኪናውን አመጣና ቁልፉን ሰጠው። "መርካቶ ዕቃ ይጠብቀኛል። በዚህ ጊዜ መኪና ይዤ አልወጣም፣ በታክሲ ልሂድ። እጠበውና አንተ ጋ ይዋል። አደራ።"

"አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" አለው ሚልኬሳ። "ሂድ በሰላም።"

አጠበው። አደረቀው። ጥቁሩ መኪና ግራሩን ከነቅርንጫፉ እስኪያሳይ ድረስ አበራ። በቀለች ምሳ ይዛ ስትመጣ መስታወት አገኘሁ ብላ ሻሿን አስተካከለችበት። ከዚያ ከላይ፣ ከታክሲ ማዞሪያው በኩል፣ ጩኸት ተነሳ። ጥቁር ጭስም ተከተለ። አንዱ ከላይ እየሮጠ መጥቶ፣ "የደላላውን መኪና አቃጠሉት!" ብሎ አለፈ። መሬት እየደለለ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ መኪናው እንደ ዳኜ መኪና የሚያበራ ነበር።

ሚልኬሳ መኪናውን አየው። አጥር የለ፣ በር የለ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ግን እሱ ጋልቦ እንጂ ነድቶ አያውቅም። ቢገፉት ወይ ዳገቱ አለ፣ ወይ ወንዙ አለ። ይህ ቢቃጠል የዳኜ ዕድሜ ነው የሚቃጠለው። ሰው ደግሞ ምን ይላል? ዳኜስ ምን ይላል? በዚህ ጊዜ ሰው ጎረቤቱን ከስር እስከ ላይ እያየ ነው የሚያልፈው። አደራውን ሆን ብሎ አስበላው ቢል በምን አፉ ይመልሳል?

"ጭቃ ቀባው!" አለች በቀለች። "የቆመ፣ የሞተ መኪና ይምሰል!"

"ጭቃ?" አለ ሚልኬሳ። ጭሱ እየቀረበ ነው፣ እሱ ግን አይኑ ፈጠጠ። "ጭቃ አሸዋ አለበት!"

"አንተ ሰው፣ እሳት እየመጣ ነው!"

"እሳት ቢመጣስ? እኔ በእጄ አሸዋ አልቀባውም።"

በቀለች ይሄን ስትነግረኝ፣ ሰልፉ ላይ ሰው እስኪዞር ድረስ ነው የሳቀችው። ግን ገበሬ ገበሬ ነው። ዞር ሲል የደስታነሽን በረት አየ። ደስታነሽ ባሏ የሞተባት፣ ከተማው ያልዋጠው ጥግ ላይ የቀረች ገበሬ ናት። ጤፏ ታጭዶ ተከምሯል፣ አውድማዋን ልትለቀልቅ እበት ስታጠራቅም ሰንብታለች። የአውድማ እበት እንዴት እንደሚመረጥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከበረት ነው፣ ትኩሱን ነው፣ አፈርና ጠጠር የነካውን አይነኩም፤ ጤፍ ውስጥ ድንጋይ ማን ይበላል? ሚልኬሳ ቅርጫቱን ብድግ አደረገ።

"ኧረ አንተ! አውድማዬን!" አለች ደስታነሽ ከጓሮ።

"እመልሳለሁ!"

"እበት ነው የምትመልሰው ወይስ ቃልህን?"

"ሁለቱንም! ይልቅ ነይና አግዢኝ፣ የአበልጄ መኪና ሊቃጠል ነው!"

እሷም እየተራገመች ሌላውን ቅርጫት ይዛ መጣች። በውሃ አቀጠኑትና ሦስቱም ተንበርክከው እንደ አውድማ ለቀለቁት። ሚልኬሳ ማተቡን ወደ ጀርባው ማዞር እንኳ አልረሳም፤ ሴቶቹንም ቀለበት አስወለቃቸው። መስታወቱ ተሸፈነ፣ ታርጋው ተሸፈነ። ጎማዎቹን አስተነፈሰ። ጥቁሩ መኪና እበት የሚደርቅበት የወደቀ ብረት መሰለ። ሚልኬሳ እጆቹን አየና፣ "ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ" አለ።

ልጆቹ ወረዱ። ዱላ የያዘ አለ፣ ድንጋይ የያዘ አለ፣ ባዶ እጁን የሚዘምር አለ። ብዙዎቹን ከነአባቶቻቸው ያውቃቸዋል። የአንዳንዶቹ አባት መሬት ከእሱ መሬት ጋር ወሰን ነበር። ልባቸው የተቃጠለበትን ነገር አልጠላባቸውም፤ የእሱም ልብ እዚያው ነው። ግን ያ መሬቱን የበላው መኪና ይሄ አይደለም።

ልክ ባጠገቡ ሲደርሱ የደስታነሽ ዶሮ እበቱ ሸትቷት ፍርር ብላ መኪናው ጣሪያ ላይ ወጣች። ወጥታም መጫር ጀመረች።

"እሽ! እሽ! ጥፍርሽ!" ብሎ ዘለለ ሚልኬሳ።

ከመሃል አንዱ፣ አማኑ የሚባለው፣ ቆመ። "ፋዘር፣ ለሞተ መኪና ምን አስጨነቀዎት?"

ሚልኬሳ ወደ ጣሪያው ጠቆመ። "ለዶሮዋ ነው፣ ኢጆሌ፣ ልጆቼ። እንቁላል ጣይ ናት፣ እንዳትወድቅ።"

ሳቁበት። አንዱ ድንጋይ የያዘ ቀረብ ብሎ በመዳፉ መኪናውን ነካና፣ "ኤጭ! ይሸታል!" ብሎ እጁን ሣር ላይ ጠረገ። አማኑ ግን መኪናውን ትንሽ ቆየት ብሎ አየው፣ ሚልኬሳንም አየው። "እንሂድ" አለ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አይታወቅም። እኔ አውቋል ባይ ነኝ፤ የአማኑን አባት አውቀዋለሁ፣ ልባም ዘር ነው።

አመሻሹ ላይ ነገሩ አልበረደም፣ ሚልኬሳም እበቱን አላነሳም። ዳኜ ታክሲ አጥቶ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አደረ። እዚያ ሳለ አንዱ ወዳጅ ደወለለት፦ "መኪናህን እበት ለቅልቀውት ሰው ሲስቅበት አየሁ።" ደዋዩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያየውን ነው ያወራው። ግን ወሬ በግማሹ ሲነገር መርዝ ነው። ለዚህ ነው እኔ ከጀመርኩ ሳልጨርስ የማልተወው።

ሲነጋ ዳኜ ከአሸዋ ሜዳ በእግሩ መጣ። የተቃጠለውን የደላላውን መኪና አለፈ። ድልድዩን አለፈ። አካም ቡልቴ አላለም። ሚልኬሳ ወንዙ ዳር ሞተሯን ሊያስነሳ ወርዶ ነበር። ዳኜ መኪናው ፊት ቆመ። እበቱ ደርቋል፤ የታኅሣሥ ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ የመንገዱን አሸዋ አልብሶታል። መሐረቡን አወጣና ኮፈኑን ይፈትግ ጀመር።

ሚልኬሳ ባልዲ ይዞ ብቅ ሲል ያችን መሐረብ አየ። "አበልጄ! እጅህን!"

ዳኜ ዞረ። "እጅህን? አንተ እበት ቀብተህ እኔን እጅህን ትለኛለህ?"

"ተው፣ ቆይ፣ አትንካው..."

"ሌላው ቢሰድበኝ አገሬ አይደለም ብዬ እሄዳለሁ። አንተ ግን! ልጅህን በእጄ ይዤ ታቦት ፊት የቆምኩልህ! ቢቃጠል ይሻለኝ ነበር፤ መኪናው የተቃጠለበት ሰው ይታዘንለታል። እኔን ግን ሰው ሳቀብኝ።"

ሚልኬሳ መመለስ ነበረበት። አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን አይኑ ኮፈኑ ላይ ቀረ፤ መሐረቡ ባለፈበት ላይ ጥቁሩ ቀለም ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጭሯል። ረዥም፣ ነጭ፣ እንደ ጅራፍ ምልክት። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ዳኜም ዝምታውን እንደ ጥፋት ቆጠረው። ቁልፉን ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ "ስጠኝ" አለ፤ "ከእንግዲህ አንተም በበርህ፣ እኔም በበሬ።"

ይሄኔ ነው ደስታነሽ ባዶ ቅርጫቷን አንጠልጥላ የመጣችው። ሰው ተጣላ አልተጣላ አልገባትም።

"ሚልኬሳ! እበቴስ? ዛሬ ነው የምለቀልቀው ብዬሃለሁ!"

"የምን እበት?" አለ ዳኜ።

"የኔ ነዋ! ይኸውልህ መኪናህ ላይ ያለው! ለአውድማዬ ያጠራቀምኩትን ይሄ ሰውዬ አራግፎ ወሰደብኝ። ጭቃ ቀባው ስትለው ሚስቱ፣ አሸዋ አለበት ይጫርብኛል ብሎ እሳት አፍንጫው ላይ ደርሶ እንቢ አለ! እኔንም ቀለበቴን አስወልቆ አስለቀለቀኝ። ልጆቹ እዚህች ጋ ቆመው ነበር፣ እዚህች! ዶሮዬም ልትገደልብኝ ነበር። ማን ነው የሚከፍለኝ?"

ዳኜ ቀና አለ። ወደ ላይ፣ ወደተቃጠለው መኪና አየ። ወደ መሐረቡ አየ። ከዚያ የባልዲው አፍ ላይ ቁጭ አለ፤ ባልዲው ውሃ ነበረው፣ ሱሪው ራሰ፣ አልተነሳም።

"አበልጄ..." አለ።

"ተነስ" አለው ሚልኬሳ። "ውሃው ይፈለጋል።"

አብረው አጠቡት። ሚልኬሳ ውሃ አፈሰሰበትና ቆመ። ዳኜ ስፖንጅ ይዞ ሊጠጋ ሲል ያዘው። "ጠብቅ። ይርጠብ።" ቆሙ። እበትና ውሃው አረንጓዴ ሆኖ በመስታወቱ ላይ ይወርዳል። በዚያ ጥበቃ መሃል ነው ዳኜ የጠየቀው፦

"እውነቱ ደወለ?"

"ትናንት ማታ። ደህና ነኝ አለ። አንተንም ጠየቀ።"

"ምን አልከው?"

"መኪናው እኔ ጋ ነው፣ የክርስትና አባትህ ደህና ነው አልኩት።"

ዳኜ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ሚልኬሳ ደግሞ እንዳላየ ሆኖ ውሃ ጨመረ። ከጣሪያው ጀምረው ወረዱ። ጋቢው ሲመጣ ሚልኬሳ አንዱን ጫፍ ለዳኜ ሰጠው፤ አልብሰው ሳቡት። እበቱ ስር ቀለሙ እንደ ትናንቱ ነበር፣ እንከን የለው። ዶሮዋ እንኳ አልጫረችውም። ያቺ አንዲት ጭረት ብቻ ኮፈኑ ላይ ተጋደመች።

"ቀለም ቀቢ ጋ እንውሰደው፣ እኔ ነኝ የምከፍለው" አለ ሚልኬሳ። "እኔ ጋ ቆሞ ሳለ ነው የተጫረው።"

"በእጅህ የተጫረ መኪና የለም" አለ ዳኜ። "ይሄ በኔ እጅ ነው። አላስቀባውም፤ ይኑር። መሐረብ ባወጣሁ ቁጥር ልየው።" መሐረቡን ጨመቀና ከጎማ ጨርቆቹ ጋር ጣለው።

በማግስቱ ዳኜ ጎማዎቹን አስነፍቶ በድልድዩ ሲያልፍ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ "አካም ቡልቴ፣ አበልጄ!" አለ፤ ሰፈር ሁሉ ሰማው። ከዚያ ወደ መናገሻ ነዳ፤ መንገዱ ያን ቀን ተከፍቶ ነበር። የሚልኬሳ ወንድም ኢቲቻ እዚያ ከብት አለው። ሲመለስ የዚያ ጥቁር መኪና ኋላ በማዳበሪያ ከረጢት እበት ተሞልቶ ነበር። ሚልኬሳ መኪናውን ሲከፍት አፍንጫውን ይዞ፣ "ከውጭ ያዳንኩልህን ከውስጥ ጨረስከው!" ብሎ ጮኸ።

ነጋዴው ሱሪውን ጠቅልሎ፣ የደስታነሽ አውድማ ላይ ተንበርክኮ ለቀለቀ። እሷ ቆማ ታዘዋለች። "እዚያ ጥጉን ዘለልከው! ሚስማር የምትመታ መሰለህ? በመዳፍህ ነው!" ሲጨርስ ጀርባው አልቃና አለው።

ደስታነሽ ባዶውን ከረጢት አራገፈችና አየች። "የወሰዳችሁብኝን አይሞላም" አለች። "አንድ ቅርጫት ይቀርሃል።"

"ነገ አመጣለሁ፣ እመቤቴ።"

ወደ መኪናው ኮፈን አየት አደረገች፣ ወደዚያች ጭረት።

"ተወው" አለች። "እሷ በቅታሃለች። አንዱ ቅርጫት ይቅርልህ።"